ተንፍሷል

ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ ላይ ታጥፎ ወደ ውስጥ በሚገባ መንደር ነው። በርበሬና በቆሎ እናመርታለን። እናታችን ያረፈችው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ያሳደገችኝ እህቴ አዝመራ ናት። ስታሳድገኝ እሷም ልጅ ነበረች። «እታለም» ነበር የምላት።

እኔ ይበልጣል እባላለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ ስላልመጣልኝ ከአባቴ ጋር እርሻ ላይ ነኝ። እህቴ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ተምራ፣ ፍኖተ ሰላም አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እንደመጣች ትከሻዋን ከትከሻዬ ጋር ታስተያይና፣ «ይበልጣል ተብለህ በቁመት እንኳ አትበልጠኝ?» ትለኛለች። እበልጣት ነበር። እያወቀች ነው።

እንዲህ ያለ ረዘም ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህንንም ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። መሀል ላይ ቆም ካልኩ ታገሱኝ።

ግቢያችን ውስጥ ባዮጋዝ አለ። ለማያውቀው ሰው፣ ባዮጋዝ ማለት ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ አናቱ እንደ ጉልላት የሆነ ጉድጓድ ነው። እበት በውሃ ተበጥብጦ በአንድ በኩል ይገባል። ውስጥ ሲቆይ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ በቱቦ ቤት ድረስ መጥቶ ምድጃ ላይ ይነዳል፤ ዝቃጩ በሌላ በኩል ይወጣል። የገነባልን ጎረቤታችን አያ ካሳ ነው። ግንበኛ ነው፤ ለራሱም አንድ ሠርቷል። ያስገነባችው ግን እህቴ ናት። «በዚህ ቤት ጭስ ይበቃል» አለች። እናታችን በጭስ ስታስል ሌሊቱን እየሰማች ያደገችው እሷ ነበረች።

መጀመሪያ ጥሩ ሠራ። በኋላ ከብቶቻችን እያነሱ ሄዱ። እበቱ አነሰ፤ እሳቱም ሽሮው ሳይበስል ድርግም ይል ጀመር።

ከቤታችን ጀርባ ለበርበሬ ችግኝ የቆፈርነው የውሃ ማቆሪያ አለ። በበጋ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ እጅ ሲነከርበት ይዝለገለጋል። እኛ የውሃ ሻጋታ ነበር የምንለው። እህቴ ዋቅላሚ እንደሚባል ነገረችን። አንዷ ቅንጣት ብቻዋን በዓይን አትታይም፤ ብዙ ሆነው ነው ውሃውን የሚያለብሱት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መመረቂያዋን የሠራችው በዚህ ነበር።

«አባ፣ ይኸ አረንጓዴ እበት ይሆነናል» አለች አንድ ቅዳሜ።

«የየትኛዋ ላም እበት?» አሉ አባቴ።

«ሳር የማትጠይቅ ላም ናት። ፀሐይ ብቻ ነው የምትግጥ።»

«እንዲህ ያለ ዘር ካለ ለእኔም አንድ በሬ ፈልጊልኝ እንግዲያ።»

በወንፊት ጨርቅ እየገፈፍን፣ በባልዲ እያጠለልን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርነው። ጋዙ አልጨመረም። እንዲያውም ቀነሰ። በመውጫው በኩል ብቅ ያለው ዝቃጭ አረንጓዴ ነበር፤ እንደገባ ወጣ ማለት ነው። አባቴ ላለመሳቅ ፊታቸውን አዞሩ። እህቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ስታየው ቆየች።

«ይበልጣል፣ ሽምብራ በጥሬው ሳታኝክ ውጠህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ምን ሆነ?»

«እሱን ለአስተማሪ አይነግሩም።»

ሳቀች። «እንደዋጥከው ነው የወጣ። ይኸም እንደዚያ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጠንካራ ልብስ ለብሳለች። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ጋዝ ሠሪዎች ደግሞ ጥርስ የላቸውም። ልብሷን አስቀድመን እኛ ካልቀደድንላቸው አይበሏትም።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ልብስ ስንቀድ ነበር። የውሃ ላስቲኮች አመጣች። አንዱ ውስጥ ጥሬውን አረንጓዴ፣ አንዱ ውስጥ የሞቀውን፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ የሞቀውን ከትንሽ የጉድጓድ ዝቃጭ ጋር ሞላች። በየአፋቸው ላይ ፊኛ አሰረችና ከምድጃው ጎን ደረደረቻቸው። አባቴ ከእርሻ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱን ሆነ። የጥሬው ፊኛ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። የሞቀው ቀና አለ። በአመድ የሞቀው ግን የሕፃን ራስ አከለ። ቅዳሜ ስትመጣ ማሰሪያውን ፈታ አድርጋ ፊኛው ሲሟሽሽ «ይኸው፣ ተነፈሰ» አለች። አባቴ ቃሉን ወደዱት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምድጃው ጋዝ ባለቀ ቁጥር «ይኸ ነገር ተነፈሰ» ይሉ ጀመር። አባቴ ሲሏት እሷ ትስቃለች፤ እሷ ስትስቅ እሳቸው ደግመው ይሏታል።

አንድ በርሜል ጥቁር ቀባን። አረንጓዴውን ከአመድ ውሃ ጋር ሞልተን፣ ላስቲክ አልብሰን ፀሐይ ላይ አቆምነው። ወደ ማታ ብቻ በበርበሬ አገዳ ትንሽ እሳት እንሰጠዋለን። እጅ የማያስነካ፣ ግን የማይፈላ መሆን ነበረበት። እኔ ማገዶ ላብዛ ስል ትቆጣለች። «ለማሞቅ የምናነደው ከምናገኘው ጋዝ ከበለጠማ ምኑን ሠራነው? ፀሐይዋ ትሥራ እንጂ።»

ሁሉም ተዘጋጀ። የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ያ መጀመሪያ በጥሬው የጨመርነው አረንጓዴ ከገለባ ጋር ተጋግሮ፣ ጉልላቱ ስር እንደ ጣሪያ ደርቆ የቱቦውን አፍ ይዞታል። ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ ተቀድቶ፣ ያ የተጋገረው መነሳት ነበረበት።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ደወለች። እኔ ከአባቴ ጋር በርበሬ እየለቀምኩ ነበር። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እኔ የሰማሁት የአባቴን ብቻ ነው።

«እሽ... ይተንፍስ? እሽ። እሽ ልጄ፣ አስተነፍሰዋለሁ። ሃሎ... ጉድጓዱ ጋ እሳት አላስጠጋም። እሽ። ሃሎ።»

ቤት ገብተው ምድጃውን አበሩት። የቀረችው ጋዝ ሰማያዊ ሆና ትንሽ ነደደችና ጠፋች። ቧንቧውን እንደተከፈተ ተዉት። «ተንፍሷል» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ካሳ መጣ። ሦስት ሆነን የመውጫውን የሲሚንቶ ክዳን በብረት ፈንቅለን አነሳን። ዝቃጩን በባልዲ እየቀዳን ወደ በርበሬው ማሳ አፈሰስን። ውስጡ ጉልበት የሚደርስ ሲቀረው በባልዲ የማይደረስበት ሆነ። ክዳኑ ሲነሳ ክፉ ሽታ ነበር፤ የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት። ቀስ በቀስ ለመድነው።

ምሳ ሰዓት አካባቢ የኑረዲን ባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ኑረዲን የማንኩሳ ልጅ ነው፤ አባቱ እህል ይነግዳሉ፤ እሱ ባጃጅ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴን የሚያመጣት እሱ ነው። ስትወርድ የቅዳሜ ማጠናከሪያ አስተምራ፣ የአስተማሪነት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ናት።

«መምህርት በጋዋን ወደ እበት» አለ አያ ካሳ።

«ያው ልጆቹም ጥያቄ ሲመልሱ ከእበት አይሻሉም» አለች። ቦት ጫማ ከቦርሳዋ አወጣች። ክፍቱን ጉድጓድ አየች፤ የተቀዳውን አየች። ወደ አባቴ ዞረች።

«አባ፣ ተንፍሷል?»

«ትናንት ተንፍሷል» አሉ አባቴ።

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው።»

ይኼው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልተባለም። ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ ጽፌ ደልዤዋለሁ፤ ረዘም ያለ ነገር የተባለ ይመስለኝና ሳስበው ግን ይኼው ነው።

እኔ ልገባ ሱሪዬን ሰብስቤ ነበር።

«አንተ ተው» አለችኝ። «የቱቦውን አፍ ትሰብረዋለህ። ደግሞ ያን የተጋገረውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እታለም፣ ልብስሽ...»

«ልብስ አጥበህ አታውቅም? ታጥባለህ።»

የመውጫው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻን አጥብቦ ነው የሚገባው። ገባች። አንድ ሁለት እርምጃ ነው፤ ከዚያ ጉልላቱ ስር ይደረሳል። ስልኳን ለመብራት ይዛለች። ድምፅዋ ከውስጥ እያስተጋባ መጣ።

«አባ፣ እንደ ቤተ መቅደስ እኮ ነው። ብቀድስበት ያምራል።»

«ሴት አትቀድስም» አሉ አባቴ፣ እየሳቁ።

«እንዲያ ከሆነ አስተምርበታለሁ።» ከዚያ በዘንግ የተጋገረውን ስትወጋው ሰማን። ከላይ የሆነ ነገር ዘጭ ብሎ ዝቃጩ ውስጥ ወደቀ። «ኡፍ፣ ይሸታል» አለች። ደግማ ወጋችው። ትንሽ ቆየችና «አሁንስ አይሸትም» አለች።

ያን ጊዜ ጥሩ ነገር መሰለኝ። ሽታው የጠፋ መሰለኝ። ያ ጋዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን መሆኑን የነገረኝ በኋላ ሐኪሙ ነው።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማን። ከባድ አልነበረም። የሞላ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ ዓይነት ነው።

«አዝመራ» አሉ አባቴ።

ወደ ቀዳዳው ቀረብ አሉ።

«አዝመራ፣ ልጄ።»

አያ ካሳ ጎንበስ ብሎ ግማሽ አካሉን አስገባ። «አየኋት፣ አየኋት» አለ። ከዚያ እጁ ግድግዳውን ሲፈልግ አየሁ። እግሩን ይዘን ጎተትነው። ወጥቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ አስመለሰ፤ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። ግንበኛ ነው፤ ደረቱ ሰፊ ነው። ሁለት ትንፋሽ እንኳ አልሳበም መሰለኝ።

እኔ ወደ ቀዳዳው ሄድኩ። ማሰቤን አላስታውስም። ጭንቅላቴና አንድ ትከሻዬ ገብተዋል። ነጩን ጋዋን አየሁት። ስልኳ ዝቃጩ ውስጥ ሆኖ ከስር ያበራል። እጄን ብዘረጋ የምደርስባት መሰለኝ።

አባቴ ከኋላ ወገቤን ያዙኝ።

ጎትተው አወጡኝ፤ መሬት ላይ ጣሉኝ፤ ላዬ ላይ ወደቁብኝ። አባቴ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን ሞፈር ይዘው የኖሩ ናቸው፤ ክንዳቸው አይላቀቅም። ነከስኳቸው። በክርኔ ፊታቸውን መታሁ። «ልቀቁኝ፣ እህቴ ናት» እላለሁ።

«ብለቅህ ትገባለህ» አሉኝ። አልጮሁም። ጆሮዬ ላይ ነው ያሉት። «ብለቅህ ትገባለህ።»

እሳቸውም መግባት አልቻሉም። ይህን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። እሳቸው ለመግባት እኔን መልቀቅ ነበረባቸው፤ ከለቀቁኝ ደግሞ ቀድሜያቸው እገባለሁ። ስለዚህ ልጃቸው እዚያ ወድቃ፣ እሳቸው እዚህ እኔን ይዘው ተኙ። ደረታቸው ጀርባዬ ላይ ነበር። ልባቸው ሲመታ ይሰማኛል።

አያ ካሳ እየተንገዳገደ ተነሳ። «ፌሮ» አለ። ኑረዲን ከግቢው ጥግ የግንባታ ትራፊ የነበረውን ብረት አመጣ። ሁለቱ ጫፉን በድንጋይ ላይ ቀጥቅጠው እንደ መንጠቆ አጠፉት። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። ሴቶቹ ሰፌድ ይዘው ወደ ቀዳዳው ነፋስ ያራግባሉ። ኑረዲን አፍና አፍንጫውን በሻሽ አስሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ጎንበስ ይልና ብረቱን ይልካል፤ ይወጣል፤ ይተነፍሳል፤ እንደገና ይልካል። እንዳይወድቅ አያ ካሳ በወገቡ ላይ ያሰረለትን ገመድ ይዟል። ስንት ጊዜ እንደላከው አላውቅም። እኔ ከመሬት ሆኜ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

«ያዘ» አለ ኑረዲን። የጋዋኗን መቀነት ነው የያዘው። «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳይበጠስ።»

ስትወጣ አባቴ ክንዳቸውን ፈቱ።

አፏን በነጠላ ጠረጉት። አንዲት ሴት ጆሮዋን በእህቴ ደረት ላይ አድርጋ ቆየች። ሁላችንም እሷን እናያለን። «ትተነፍሳለች» አለች። «ትንሽ ነው፣ ግን ትተነፍሳለች።»

ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቷን እኔ ጭን ላይ አደረግን፤ እግሯን አባቴ ያዙ። ኑረዲን የነዳውን አነዳድ ሌላ ቀን ቢነዳው ሁላችንም እንሞት ነበር። ማንኩሳ ጤና ጣቢያ አይተዋት በቶሎ ወደ ፍኖተ ሰላም ሂዱ አሉን፤ አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ስለሄደ በዚያው ባጃጅ ቀጠልን። ኑረዲን ከፊት ሆኖ ሳይዞር ይጮህብኛል።

«አናግራት። ስሟን ጥራ። ዝም አትበል።»

«እታለም» እላለሁ። «እታለም፣ ይበልጣል ነኝ።»

«ሌላም ንገራት። ስድብም ቢሆን።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። «እታለም፣ እበልጥሻለሁ» አልኳት። «በቁመት እበልጥሻለሁ። ተነሽና እንለካ።»

እጄ ውስጥ ያለው እጇ ተንቀሳቀሰ። ይህን ለማንም ምዬ እነግራለሁ። ጣቶቿ አንድ ጊዜ ጠበቅ አሉ። «አባ፣ ያዘችኝ» አልኳቸው። አባቴ የእግሯን ጣቶች በነጠላቸው ጠቅልለው እያሹ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ያን ፊታቸውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ደስታ ነበረበት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበሉን። ኦክስጅን አደረጉላት። እኛን ወደ ውጭ አስወጡን። ግድግዳ ስር ተቀመጥን፣ ሦስታችንም ዝቃጭ እንደሆንን። ኑረዲን ውሃ ገዝቶ መጣ፤ ለአባቴ ፊታቸውን አስታጠባቸው። ከንፈራቸው እኔ በመታሁት ተሰንጥቆ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ ወጣ። ወጣት ነው። ፊቱን አይተን አወቅን። አጠገባችን ተቀመጠና ያደረጉትን ሁሉ ቀስ ብሎ ነገረን። ዝቃጩ ሲነካ ውስጡ ታምቆ የነበረው ጋዝ እንደወጣ፣ ሳንባዋ ውስጥም ዝቃጭ እንደገባ ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ እያየ ጠየቀ።

«ተከትሏት የገባ አልነበረም?»

«ይኸ ሊገባ ነበር፤ አባባ ያዙት» አለ ኑረዲን።

ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ። «አባቴ፣ ልጅዎን አትርፈዋል። ባይይዙት ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር። ብዙ ቦታ የሚሆነው እንደዚያ ነው፤ አንዱን ለማውጣት ሌላው ይገባል።»

አባቴ ከግድግዳው ተነሱ። «እኔ ያተረፍኩት የለም» አሉ። «አንዱን ስይዝ አንዷን ለቅቄያለሁ።»

ቀበርናት።

በሠልስቱ ኑረዲን ከአባቱ ጋር ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ስር ተቀምጦ ከሰው ጋር ሲጫወት፣ ማንም ሳይጠይቀው እንዲህ አለ። «በባጃጅ ስትመጣ ደስ ብሏት ነበር እኮ። 'አባቴ ከትናንት ጀምሮ ክዳኑን ከፍተው ጉድጓዱን እያስተነፈሱት ነው፤ ይተንፍስ ስላቸው እንደ እህል ጉድጓድ ማለቴ ነው' ብላኝ ነበር።»

አባቴ ይሰሙ ነበር።

በእኛ አገር እህል በጉድጓድ የሚያኖር ሰው ጉድጓዱን ሲከፍት ወዲያው አይገባበትም። አፉን ከፍቶ ያሳድረዋል። ታምቆ የነበረው አየር ይወጣል፤ ያን ነው ጉድጓዱ «ተነፈሰ» የምንለው። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ያወርዳል። መብራቱ ካልጠፋ ሰው ይገባል። ባዮጋዝ ላይ ግን እሳት ማስጠጋት ክልክል ነው፤ እሷው ናት የከለከለችን። ስለዚህ ያቺ ኩራዝ አልወረደችም።

እህቴ ቃሉን የተናገረችው በአባቴ አፍ ነው፤ እንደ እህል ጉድጓድ። ገበሬ አባቷ እንዲገባቸው ብላ። አባቴም የሰሙት በእሷ አፍ ነው፤ እንደ ፊኛው። የተማረች ልጃቸው ያስተማረቻቸውን ቃል። እሷ «ክፍት ሆኖ አድሯል ወይ?» ማለቷ ነው። እሳቸው «ጋዙ ከምድጃው አልቋል» ማለታቸው ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሊናገርለት ብሎ ተላለፉ።

አባቴ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ክፍቱ ጉድጓድ ፊት ቆሙ። «እኔ እኮ የእሷን 'ተንፍሷል' ነው ያልኩ» አሉኝ። እንዳምናቸው የሚለምኑኝ ይመስል ነበር። «የእሷን ነው ያልኩ፣ ይበልጣል።»

«አውቃለሁ፣ አባ» አልኳቸው።

ከዚያ ለብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም። ተኳርፈን አይደለም። አብረን እንበላለን፣ አብረን እናርሳለን። ንግግር ግን አስፈራን። አንድ ቃል ልናገር ስል ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ እተወዋለሁ። እሳቸውም እንደዚያው ይመስሉኛል። በሬዎቹን ብቻ ነበር የምናናግረው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ምክር ለመስጠት የደረስኩ ሰው አይደለሁም። ግን ባዮጋዝ ወይም የተዘጋ ጉድጓድ በግቢያችሁ ካለ፣ እባካችሁ ሰው አታስገቡበት። ከውጭ በረዥም እንጨት ይነካካ፤ ባይሆን ይቅር። ሽታ ጠፋ ማለት ጋዝ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰው ከወደቀ ደግሞ ተከትሎት የሚሮጠውን ያዙ። ይነክሳችኋል፣ ይመታችኋል። ያዙት። የተያዘው እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የምላችሁ። ሌላው የምለው ይኸ ነው፤ የምትወዱት ሰው «እሽ» ሲላችሁ፣ ምን ብሎ እንደሰማ ጠይቁት። ተንፍሷል ካላችሁ ምኑ? ከመቼ ጀምሮ? ብላችሁ አድርቁት። ያፍራል ብላችሁ አትተዉት።

ከእኔ የተለወጠውን ብትጠይቁኝ ብዙ አልናገርም። ድሮ ቀልደኛ ነበርኩ ይሉኛል። አሁን ሰው ሲያወራኝ መልሼ እጠይቃለሁ፤ ነገር አይገባውም የሚሉኝም አሉ። ይበሉኝ።

የእኛን ጉድጓድ ማንም አልነካውም። በርሜሉን ግን አልተውኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አረንጓዴውን እየገፈፍኩ፣ በአመድ ውሃ እየዘፈዘፍኩ ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ። ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ልብሱን እቀድለታለሁ። የሚገባበት ስለሌለው ለበርበሬው አፈሰዋለሁ። አያ ካሳ በአጥር በኩል ሲያየኝ ከርሞ አንድ ቀን ወደ ቤት መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ አባቴ ፊት ቆመ።

«አያ ስመኝ፣ የእኔም ጉድጓድ ተደፍኗል። ከብትም የለኝ። የአዝመራን አረንጓዴ እኔ ቤት ልሞክረው ብዬ ነበር። ቅር ካሰኘዎት ግን እተወዋለሁ።»

አባቴ ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

የአያ ካሳን ክዳን አስነሱ። ዝቃጩን ከውጭ በባልዲ አስቀዱ። ከዚያ ድንጋይ አስመጥተው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከቀዳዳው ራቅ ብለው፣ እሳቸው ሳያዩት ማንም ሊያልፍ በማይችልበት ቦታ ተቀመጡ። ሲመሽ ክዳኑን አስገጥመው፣ ላዩ ላይ ትልቅ ድንጋይ አስጭነው ወደ ቤት ይገባሉ። ሲነጋ ያስነሱትና ይቀመጣሉ። ሰው እንዲገባ አይደለም፤ ሰው አይገባም ብለዋል። የተጋገረው ከውጭ በረዥም ዘንግ ነው የሚነሳው። እስኪነሳ ድረስ ግን ከዚያ አይነቃነቁም። ምሳ የምወስድላቸው እኔ ነኝ። መንደርተኛው መጀመሪያ አዘነ፤ በኋላ ግራ ገባው፤ በኋላ መሳቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ምሳቸውን ይዤ ስደርስ አያ ካሳ ከፊታቸው ተቀምጦ ነበር።

«አያ ስመኝ» አላቸው፣ «ፀሐይዋ አናትዎትን ጨረሰችው። የሚገባ የለም ብለዋል፤ ሁላችንም ሰምተናል። እንግዲህ እዚህ ቁጭ ብለው ምን ይጠብቃሉ?»

«ልጄን» አሉ አባቴ።

የትኛውን ልጃቸውን እንደሆነ አያ ካሳ አልጠየቃቸውም። እኔም፣ ሁሉን መልሼ የምጠይቀው፣ አልጠየቅኋቸውም። ምሳውን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።